ሰባት ሲባዛ በስምንት

ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ በሚሄደው፣
አንዱ መኪና ሲያልፍ ሌላው በሚቆመው
ጠባብ ቅያስ ውስጥ ነው ትምህርት ቤታችን ያለው።
መኖሪያ ቤት ነበር፤ ሦስት ፎቅ ጨመሩበት፣
ቢጫ ቀቡትና ደወል ሰቀሉበት።
ፈቃዱ ላይ ሲያዩት «ሜዳ አለው» ይላል፤
ሜዳው ላይ ግን ስድስት መኪና ይውላል፤
ሰባተኛው ሲመጣ ዘበኛው ጋሽ ሽብሩ
ልጁን ሁሉ በፉጨት ወደ ግድግዳ ይነዳል።

እኔ የሒሳብ ነኝ። አራተኛ «ለ»።
ስፖርቱን ማን ወሰደው ቢሉ፣ ከእኔ ሌላ ማን አለ?
«ፈተና ደርሷል» ብዬ፣ መጀመሪያ ለሳምንት፣
ከዚያ ለወር፤ ከዚያ ማንም አልጠየቀኝ፤
እንዲያውም ወላጅ በስብሰባ ቆሞ አመሰገነኝ።
ተቀምጦ የሚጽፍ ልጅ
የገባው ይመስላል ከሩቅ ለሚያየው።

ሚልኪያስ ከኋላ፣ ከመስኮቱ ጥግ ነው።
«ድቡልቡል» ይሉታል፤ ይስቃል አብሯቸው፤
ሳቁ ግን ከሳቃቸው ቀድሞ ነው የሚያልቀው።
እናቱ ይኮራሉ፦ «እኔ በሱ ዕድሜ
አጥንቴ ነበረ በሩቅ የሚቆጠር።»
ምን ብዬ ልመልስ? ራብን ላየ ሰው
የልጅ ጉንጭ እኮ ነው የባንኩ ደብተር።

ቁርሱን ከበሩ ማዶ፣ ከኪዮስኩ ይገዛል፤
አንድ ቺፕስ፣ አንድ ቀይ ጁስ በላስቲክ፤
ምላሱ እስከ ማታ ይቀላል።
አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አገጩ ደረቱን ይነካል።
«ሰባት ሲባዛ በስምንት?»
«ሃምሳ…» ይላል ነቅቶ። «ሃምሳ…»
ቀሪውን ኮርኒሱ ላይ ይፈልጋል።

ጥቅምት ላይ ሲስተር ዘቢባ ከጤና ጣቢያ
ሚዛን ተሸክማ መጣች።
ቁጥር ጮክ ብላ አትጠራም፤ በእርሳስ ጽፋ ታጥፈዋለች።
«ልጆቹ መቼ ነው የሚሮጡት?» አለች።
ግድግዳው ላይ ያለውን ፕሮግራም አሳየኋት፤
«ስፖርት» በሚለው ላይ፣ በገዛ እስክርቢቶዬ፣
«ሒሳብ» ተጽፎበታል።
አነበበች። «እግር ያልደረሰ ደም
ጭንቅላት ጋም ይዘገያል» አለች።
ቀጥላም፣ «ጽሕፈትህ ግን ያምራል።»
ከዚያ ቀን ወዲህ ጽሕፈቴን ጠላሁት።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ሽብሩን ለመንኩት፤
የዳይሬክተሯ ቪትዝ ለአርባ ደቂቃ ደጅ ወጣች።
«ከተጫረች ትከፍላለህ!» አሉኝ
ወይዘሮ ትርፌ፣ ከላይ በመስኮት።
በቆመችበት ቦታ የዘይት ጠብታ ነበር፤
በጠመኔ አልፌው፣ ዙሪያውን ዞሬበት፣
ሰኞ ማክሰኞ ሠራሁ፤ በየሳጥኑ ቁጥር ጻፍኩበት፦
ሰባት፣ አሥራ አራት፣ ሃያ አንድ…
ዘይቱ ሃምሳ ስድስት ላይ ዋለ።

ሌሎቹ ዘለሉ። ሚልኪያስ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ።
«ይሰበራል» አለ አንዱ።
«ማን? መሬቱ?» ብሎ ሌላው ጨመረ።
እኔ፣ ቀበቶዬ በየዓመቱ ቀዳዳ የሚጨምረው፣
ከዩኒቨርሲቲ ወዲህ ታክሲ እንኳ ሮጬ ያልያዝኩት፣
ጫማዬን አወለቅሁ፤ ዘለልኩ።
አርባ ሁለት ላይ ትንፋሼ ከዳኝ፤
ሳቁ ሁሉ ከእሱ ተነሥቶ እኔ ላይ ዞረ።
ማንም ባላየው ሰዓት
ሚልኪያስ ሰባት ላይ ቆሞ ነበረ።

የካቲት ላይ ሲስተር ዘቢባ ተመልሳ
የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ።
ግማሽ ኪሎ ጨምሯል። ቁመትም ጨምሯል።
ኪዮስኩ አልተዘጋም። እናቱ በር ላይ
«ልጄን አከሳህብኝ» ብለው ወቀሱኝ፤
ምነው በሆነ አልኩ፣ በሆዴ።

አራተኛው ክፍለ ጊዜ። ፀሐይ ዴስኩ ላይ።
«ሰባት ሲባዛ በ…» ብዬ ሳልጨርስ
ከመስኮቱ ጥግ፣ ከዴስክ ሥር፣
እግር ሰማሁ፤ ስምንቴ ወለሉን መታ።
«ዘይቱ፣ ቲቸር» አለ።
«ዘይቱ ያለበት።»