ስምንተኛው ቀዳዳ

አፉላ፣ ከፎቃችን ሥር፣ ሚቅላቱ ውስጥ ወርጄ፣
ግድግዳውን ዳበስኩት፣ እንደ ከብት ጀርባ፣ በእጄ።
ሳይረን የጮኸ ለታ ሰው ሁሉ ይታጨቅበታል፣
በደህናው ቀን ብስክሌትና የተቀደደ ፍራሽ ይጣልበታል።
እኔ ግን ለልጄ ልጅ የቡጢ ከረጢት ልሰቅልበት፣
እርሳስ ከጆሮዬ ሰክቼ፣ ሜትር ዘርግቼ ቆምኩበት።

ትርንጎ ናት። ትምህርት ቤት ሌላ ስም አላት፤
ጓንት ስታጠልቅ ግን የእኔው ነው የሚያምርባት።
ሙኒር፣ አሠልጣኟ፣ "የከረጢቱ ሆድ ከአፏ ትይዩ ይዋል" ብሏል።
ማለቱ ቀሎታል!
ልጅቷ እንደሁ አትቆምም፣ በየወሩ ትመዘዛለች፤
ለፋሲካ አፏ ጋ ያልነውን ለዳስ በዓል ታልፈዋለች።
ስለዚህ ወጪ ወራጅ መስቀያ አሰብኩ፣ በአንዲት የብረት ካስማ የሚያዝ፣
ወደ ላይ ሲሉት የሚወጣ፣ ወደ ታች ሲሉት የሚታዘዝ።

"ብረቱን ከየት አመጣኸው?" አለች፤ ዝም አልኳት ጥቂት።
ከአልጋ ነው፣ ከዚያ ከሶክኑት፣
የገባን ሰሞን ከሰጡን፣ ስፖንጁ ስስ፣
ሲገላበጡበት የሚያለቅስ።
እኔና አያትሽ ሁለቱን ገጥመን በሽቦ ያሰርነው፣
ሌሊት ሌሊት መሐሉ ሲከፈት ተያይዘን የወደቅንበት ነው።
ሳቀች። መጋዙን ሳስገባ አልጋው እንደ ድሮው ጮኸብኝ፤
ሠላሳ ዓመት ጥግ ቆሞ ድምፁን አልረሳም መሰለኝ።
የቆረጥኩት የእኔን አልጋ ነው። የእሷን ግን አልነካሁትም፤
ለምን እንደሆነ ትርንጎም አልጠየቀችኝ፣ እኔም አልነገርኳትም።

ሁለቱን ጎን እንደ ሐዲድ አቆምኳቸው፣
በአራት ጣት ልክ እየለካሁ ሰባት ሰባት ቀዳዳ በሳኋቸው።
ክቡን ሰሌዳ ከሦስት ኮምፔንሳቶ በኮላ አጣብቄ፣
ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አሽቼ፣ አቧራውን በትንፋሼ አርቄ።
ግንቡ ግን! ሚሳይል ሊመክት የቆመ፣ ለእኔ ብሎን መች ይበገራል?
ሁለት የድሪል ጥርስ በላ፣ ሦስተኛውን እየጎረሰ ያጓራል።

መጀመሪያ ቀን ከረጢቱ ነው እሷን የመታት፣
አፍንጫዋን ሁለቴ፣ ግንባሯን አንዴ አገኛት።
በሦስተኛው ቀን እጆቿ ክብ መሥራት ጀመሩ፣
እንደ እንዝርት፣ ሳይቸኩሉ፣ ሳይደናበሩ።
ሦስቴ ሰሌዳ ይመታል፣ አንዴ ቡጢ ይቀበላል፤
ዱ-ዱ-ዱም፣ ዱ-ዱ-ዱም፣ ፎቁ በሙሉ ይሰማል።

ራይሳ ከላይ ወረደች ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ፣
"እንቅልፍ!" አለች፣ "እንቅልፍ!" ሌላውን ቃል ከመንገድ ጥላ።
የእሷ ዕብራይስጥ ስብርባሪ፣ የእኔም ዕብራይስጥ ስብርባሪ፣
ገጣጥመን አንድ ሙሉ ጠብ ሠራን፣ ያለ አስታራቂ ያለ መካሪ።
በነጋታው ግን የመኪና ምንጣፍ ይዛ መጣች፣ ጎማ፣ ወፍራም፤
ካርኮቭ ሳለች ሃያ ዓመት ስትፈታ ስትገጥም ኖራለች፣ ትራም።
"ከብረቱና ከግንቡ መሐል" አለች በእጇ፤ አስገባሁት።
ድምፁ ወደ ሆዱ ገባ፤ ሌሊቱን ከአልጋዬ ሆኜ ፈልጌ አጣሁት።

ቀዳዳዎቹ ባለቤት አገኙ፤ ከታች ያለው የራይሳ፣
ከላይ ያለው የወንድሟ የኤልናታን፣ ከጦር ሰፈር ሲመጣ ካስማዋን የሚያነሣ፣
የቀረው የትርንጎ ነው፣ የዛሬዋ፣ የከርሞዋ፣ የሌላ ከርሞዋ።
"የአንተስ?" አለች፣ ጓንቷን በጥርሷ እየፈታች፣ ላብ እየወረደ ከአፍንጫዋ።

የእኔስ።
ብየዳ የበላው ትከሻዬ ከጡቴ በላይ አይሄድም፤
አራት ጣት፣ አራት ጣት ስል ራሴን ዘልዬው አላወቅሁም።

"ቁም" አለችኝ። ድሪሉን አነሣች።
ሜትሩን አፌ ጋ ሳይሆን፣ ክንዴ የሚደርስበት ያዘች።
ብረቱ ጭስ አወጣ፣ ፍቅፋቂው ጫማዬ ላይ ረገፈ፣
ስምንተኛው ተከፈተ፣ ከሰልፉ ትንሽ ወደ ግራ ያለፈ።

አንዴ መታሁ። ሦስቴ መለሰልኝ።
ቀዳዳው ጠማማ ነው፤ ላቃና ብል እጄ እምቢ አለኝ።