ሽብልቅ

የወረዳው ሚዛን አርባ ስምንት አለ፤
በሁለት ኪሎ ዕዳ፣ ስሜ ከመዝገቡ ዳር ተንጠለጠለ።
መዝጋቢዋ ሴትዮ እስክሪብቶዋን ነክሳ
«ብላ» አለችኝ በቃ፤ «ብላና ተመለስ፣ ሐምሌን አትርሳ።»

እኔ የሔርማታው በርጩማ ጠራቢ፣
ለሰው መቀመጫ አሳቢ፣
ዕድሜዬን በሜትር እንጨቱን ስለካ
የራሴ ክብደት ጎዶሎ ነው ለካ!

ለአባ ተማም ስነግራቸው፣ መጋዛቸውን ሳያቆሙ
ከሰጋቱራው መሀል ድምፅ ብቻ አሰሙ፦
«ባለሦስት እግር በርጩማ ጎርባጣ ላይም አይዋልልም፤
አራት እግር ያለው ግን ሜዳ ካላገኘ አይሆንለትም።»
ምን ማለታቸው ነው? አልጠየቅኩ። ቫርኒሼን ቀባሁ።
በማግስቱ ሌሊት፣ ከአዛን በፊት ነቃሁ።

ከአጂፕ እስከ ጅሬን፣ ሽቅቡን በጭቃ፣
ከከይረዲን ጋራ ስንሮጥ፣ የሰፈሩ ውሻ በየተራ ሲነቃ፤
እሱ የጋራዥ ልጅ ነው፤ ጉልበቱ እንደ ክሪክ፣
እኔ ከኋላ ከኋላ፣ ሳል እያነቀኝ ሳለከልክ።
ከአቀበቱ ራስ ቆመን ጂማን ስናያት
ጉም ብቻ ናት፤ ከጉሙ ውስጥ አንዲት የባጃጅ መብራት።

ቁርስ አቮካዶ፣ ምሳ ሙዝ፣ እራት ደግሞ ሙዝ፤
ፉአድ በአምስት ብር እየመዘነኝ በከንፈሩ ሲያፌዝ፦
«አርባ ስምንት ከግማሽ!» «አርባ ዘጠኝ!» «ዛሬ ቀነስክ እኮ!»
እናቴ አትጠይቅም፤ የምትለው «ብላ ኢልማኮ»።
ለምን እንደምበላ ታውቃለች። ግን አወቅኩ አላለችም።
የሙዙን ልጣጭ ትሰበስባለች፤ አንድም ቀን አልቆጠረችም።
ብቻ የሻንጣዬን ዚፕ፣ የተበላሸውን፣ ሳልነግራት አሠርታ
አልጋዬ ላይ አስቀመጠችው፤ ሐምሌ ሁለት ነበር፣ ማታ።

ሃምሳ ከሁለት መቶ ግራም። (ሁለት ሊትር ውሃ ጠጥቼ ነበር።)
መዝጋቢዋ ሳታውቅብኝ አልቀረችም፤ ማኅተሙን ስትመታ አየሁ የሳቅ ነገር።
ከይረዲን ግን ወደቀ። ግራ ጆሮው አይሰማም አሉ።
ለካ ከኋላ «ቀስ በል!» ስለው የማይሰማኝ፣ ለዚህ ነው ሁሉ!
አውቶቡሱ ሲነሳ የመሮጫ ጫማውን በመስኮት ሰጠኝ፤
«ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?» አለ። አንድ ቁጥር ሰፋኝ።

እዚህ ዝናብ የለም።
አፈሩ እንደ ሰጋቱራ ይበናል፤ የእንጨት ሽታ ግን የለውም።
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፦ ፊሽካ። ጫማ። ክር። ሩጫ።
ፀጉሬና ስሜ በአንድ ቀን ተላጩ፤ ቁጥር ሆነ መጥሪያዬ፣ መልስ መስጫ።
አሥር አለቃ ደስታው የብርድ ልብሱን እጥፋት በስንዝር ይለካል፤
አንድ ጣት ካለፈ፣ ሜዳውን በደረት ያስለካል።
የመጀመሪያው ሳምንት አለቀስኩ። ማንም አላየኝም፤
ሁሉም የየራሱን ነበረው፣ ሌላ አላማረውም።

ተደራራቢው አልጋ ይዋልላል፣ አንድ እግሩ አጥሮ፤
ከላይ የተኛው ዳልኬ፣ የዳውሮው፣ በተገላበጠ ቁጥር ሲጢጥ ይላል ተማርሮ።
አንድ ሌሊት የማገዶ ስንጣሪ በማንኪያ ጠርዝ ጠርቤ
ሽብልቅ አስገባሁለት። ዝም አለ። ያን ጊዜ ተመለሰ ቀልቤ።
አባ ተማም ትዝ አሉኝ፤ ሜዳ ሲታጣ፣ ይኖራል ለካ
ከሥር ቁራጭ እንጨት ሸጉጦ፣ ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳይለካ።
በማግስቱ የሠላሳ አልጋ ወረፋ ያዘኝ፤
አሥር አለቃውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኔም ጠረጴዛ...» አለኝ።

እሑድ ስልክ አለ። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ።
«ሃምሳ አምስት ገባሁ አዮ፤ ሱሪው ጠበበኝ፤ ደህና ነኝ በቃ።»
ዝም። «ይዘንባል እንዴ እናንተ ጋ?» አለች ቆይታ።
«የለም» አልኳት። ኮሽታ ሰማሁ፤ በር ከፈተች፤ ስልኳን ወደ ቆርቆሮው አንሥታ

ጂማ ዘነበ ጆሮዬ ውስጥ።

«ጨርስ እንጂ!» ይላሉ ከኋላዬ፣ ሰልፉ ሲገፋ፤
ሁለት ደቂቃ ሙሉ፣ ከእኔም ከእሷም ቃል ጠፋ።
ስልኩን ስመልስ ዳልኬ «ማን ሞተ?» አለኝ፣ ፊቴን አይቶ።
«ማንም። ቤት ዘንቦ ነው።»
ለስፖርት ፊሽካ ተነፋ። ሮጥኩ፣
በከይረዲን ጫማ፣ አፍንጫው በካልሲ ተሞልቶ።