ቀንድ አውጣና አውራ ጣት

ድራቫ ወንዝ ዳር፣ ማሪቦር ከተማ፣
የሳሙና መጋዘን፣ መስኮቱ በጋዜጣ የተደፈነ፣ እኩለ ቀን ጨለማ፤
ጦርነቱ ካበቃ በስምንት ዓመቱ
ቬኮስላቭ ገባበት፣ ከነመቀሱ ከነጉጠቱ።
ሰዓት ሠሪ ነበር። ሰው ሰዓት ማሠራት ቢተውበት፣
ጊዜን ራሱን ሊሠራ አሰበበት።

ሚስቱ ኦቲሊያ ሰም አቀለጠች፣
አንገቱን በሽቦ አቆመች፣ ዛጎሉን ካሮጌ ቆርቆሮ ቆረጠች፤
ቀንድ አውጣ ወጣና ስሙን ቲሆ አሉ፤
በአገሩ ቋንቋ ‘ዝም’ ማለት ነው፤ እነሱም ዝም ብለው አብረውት ዋሉ።

አንዲት ሰከንድ ለመሄድ ሃያ አራት ጊዜ መነካት አለበት፤
በፀጉር ስፋት ገፋ፣ ካሜራው ቀጭ፣ ደግሞ ገፋ፣ ቀጭ፣ እስኪመሽበት።
ሲመሽ አራት ሰከንድ።
አራት ሰከንድ፣ ለቀን ሙሉ ልፋት!
ጎረቤቱ ሳቀ፤ ‘ሰው እንዴት ያረጃል ቀንድ አውጣ በመግፋት?’

ልጃቸው ሚሎይካ እዚያው ተወለደች፣
ከመናገር በፊት ትንፋሽ መያዝ ለመደች፤
እፍ ካለች የወረቀቱ ዛፍ ይነቃነቃል፣
የአባቷ የቀን ውሎ አብሮ ይወድቃል።
ሌላ ልጅ ስታስነጥስ ‘ይማርሽ’ ትባላለች፣
ሚሎይካ ስታስነጥስ ማክሰኞን ታጠፋለች።

ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ።
እሁድ ከምሳ በኋላ አውራ ጎዳናው ባዶ፣
ሰው ሁሉ ቲሆን ሊያይ ከየጎረቤቱ ሄዶ፤
ወንዝ ሲያሻግሩት፣ ዣንጥላ ሲይዙለት ጉንዳኖች፣
እናቶች ሳቁ፣ ሳቁ ጡረተኞች።

ሁለት የነበሩት ሠላሳ ሆኑ፤ ደጃፉ ላይ ስም ተጻፈ፣
ሲሪል የሚባል ወንድሙ መዝገብ ይዞ ከበሩ ዐረፈ።
ቲሆ በብስኩት ካርቶን፣ ቲሆ በጥርስ ሳሙና፣
በትራስ ልብስ ላይ ቲሆ፣ በልጆች ካልሲ ቲሆ ሆነና፤
ቬኮስላቭ ግን ጓዳ ነበር፣ ጉጠቱን ይዞ፣ ጎንበስ እንዳለ፤
‘ስንት ሸጥን?’ ሲሉት፣
‘ዛሬ ድልድዩ ላይ ደርሷል’ አለ።

ድልድዩን ሳያሻግረው፣ በበረዶ ወር፣ ሞተ፤
ኦቲሊያ ተከተለችው፤ የሰሙ ድስት ታጠበ፣ ተከተተ።
አገሩም ተሰነጠቀ፤ ባንዲራው፣ ገንዘቡ ተቀየረ፤
ሲሪል ወረቀት ፈረመ፤ ቤቱ ለባዕድ ኩባንያ አደረ።

መጡ ባለ ኮምፒውተሮች፣ ጨዋ፣ ለስላሳ፣ ሽቱ የተቀቡ፤
‘የዛሬ ልጅ ዘገምተኛ አይወድም’ ብለው አሰቡ።
ቀንድ አውጣው ሮጠ።
ዛጎሉ ሥር ጎማ ተገጠመ፤ በአሥራ ሁለት ቋንቋ ለፈለፈ፣
ስሙ ብቻ ‘ዝም’ ሆኖ ተረፈ።

ሚሎይካ ስልሳ አልፏታል። አንድ ቀን ደብዳቤ መጣላት፤
‘የድሮውን ፊልም አጸዳነው፤ ጭረት፣ አቧራ ነበረበት፤
ደግሞም በድልድዩ ትዕይንት፣ በአንዷ ሥዕል ጥግ፣ አውራ ጣት ተረስቶ፣
ለሰው ዓይን እንኳ አይታይም፤ አወጣነው፤ ይኸው ንጹሕ ሆኖ ተሠርቶ።’

አውራ ጣት።
ጥፍሩን ጉጠት የሰነጠቀው፣ ሰም ያቀለመው፣
ሃያ ሦስት ጊዜ ገፍቶ፣ ገፍቶ፣
አንዴ መሸሽ የረሳው፣ ወይ የደከመው።

አላለቀሰችም። መጋዘን ወርዳ የራሷን ጥቅል አወጣች፤
መብራት ላይ ዘርግታ፣ እንደ መቁጠሪያ፣ እየቆጠረች፣ እየቆጠረች መጣች፤
እዚያ ነበር። ቀንድ አውጣው አንገቱን አውጥቶ፣
ጣቱ ከበላዩ፣ እንደ ደመና ተጠግቶ።

በመቀስ ቆረጠቻት፤ አንዷን ብቻ።
አሁን የእሷም ፊልም አንዲት ሥዕል ጎደለው፤
ለሰው ዓይን እንኳ አይታይም።

ከመስኮቱ ጋዜጣ የጥፍር ያህል ላጠች፣
በቀዳዳዋ ላይ ሥዕሏን ለጠፈች።
ጠዋት ፀሐይ ሲገባ አውራ ጣቱ ተዘርግቶ ግድግዳው ላይ ወደቀ፣
ብርሃኑ ትንሽ ተነቃነቀ፤
እሷም፣ ከልማዷ፣
ትንፋሿን ያዘች።