አይቡ ወተት የሆነባት ሌሊት

ከሊዝበን የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር፤
ሰላምታው ግማሽ መስመር፣
ዋጋው ግን ረጅም፣ አያልቅም ሲቆጠር፤
ዘጠኝ ሺህ ዩሮ፣
መዝገባችን ከእነሱ ሰርቨር ሊወጣ፣ ረድፉ ተቆጥሮ።
በየረድፉ ይነበባል፣
በየረድፉ ይከፈላል።

ዙልሚራ፣ የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ፣
መነጽሯን አወለቀች፦
«ላሟ የኛው ነበረች፣ የታለበው በኛ፤
ቁልፍ የያዘው ጌታ፣ ባለቤት ዘበኛ!»

የሃያ ሁለት ዓመት ወተት ነው እዚያ የሰፈረው፣
ሊትሩ፣ ቅባቱ፣ ማን አምጥቶ ማን እንደተቀበለው።
ሰኞ መርከብ ይመጣል። ጋኑም ሚዛኑም ታስሯል።
ቴርሴይራ ያለው ትልቁ ፋብሪካ
ከኛ ከሳኦ ዦርዦቹ መዝገቡን ይጠብቃል።

እኔ ግን ምትኬ ነበረኝ።
ወር ባለቀ ቁጥር፣ ማንም ሳያዘኝ፣
ከልማድ ይሁን ከፍርሃት ሳልለየው፣
ዳታቤዙን ሙሉ፣ ውሃውን ጨምቄ አሳንሼው፣
ዲስኩን በጨርቅ፣ ጨርቁን በቆርቆሮ ጠቅልዬ፣
አይብ ከሚበስልበት ክፍል አስቀምጥ ነበር፣ ከመደርደሪያው ጥግ ከልዬ።

ኮምፒውተሩ ትምህርት ቤቱ የጣለው፣
ክዳኑ የተሰነጠቀ፣ አንድ ቁልፍ የጎደለው።
አዲሱ ፕሮግራም ያንን አሮጌ ፋይል አላውቅህም አለ፤
የዱሮውን ፍለጋ እስከ እኩለ ሌሊት ተንከራተትን፣
በመጨረሻ ተገኘ፤ ፋይሉን ዋጠና ዝም አለ።
አሥራ አራት በመቶ።
አሥራ አራት በመቶ።
ውጭ ጉም፣ የንፋስ ድምፅ፣ የአንዲት ላም ሳል።
«ሞተ እንዴ?» አለች ዙልሚራ።
«እያመሰኳ ነው፤ ላም መቼ ይቸኩላል?»

አባቴ ይል ነበር፦ የፈሰሰ ወተት አይታፈስም፤
የረጋውም ቢሆን ወደ ጡት አይመለስም።
አባቴ አይብ እንጂ ዳታቤዝ አያውቅም።
ሊነጋጋ ሲል፣ ያ ድንጋይ የመሰለው ጥፍጥፍ
ላላ፣ ፈታ፣ ፈሰሰ፣ ረድፍ በረድፍ፤
ሰንጠረዦቹ ተነሡ፣
በር እንደተከፈተላቸው ከብቶች እየተጋፉ፣ እየተግተለተሉ።

ደስታዬን ሳልጨርስ ጣቷ አንድ ስም ላይ ቆመ።
ኤውሪኮ። የአባል ቁጥር ሠላሳ ሰባት።
አርባ አንድ ሊትር፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ።
ሁኔታ፦ በሥራ ላይ።

በፌብሩዋሪ ቀብረነዋል። የወንድሟ ሣጥን
ከመቃብሩ አፋፍ በጭቃ አንሸራትቶን ነበር።
ምትኬው ግን የጃንዋሪ ሠላሳ አንድ ነው፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማም፣ ማንም አልነገረው።
«ነገስ ያመጣል?» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።
ስለ ኢንዴክስ ቢሆን እመልስ ነበር፤
ለዚህ መልስ አጣሁ፤ ስክሪኑን ብቻ ጠረግሁ በእጅጌዬ።

ከዚያ ሥራው ቀላል ነበር።
ሁሉንም ወደ ተራ ጽሑፍ አወጣሁት፣ በነጠላ ሰረዝ የተለየ፣
ማንም የሚያነበው፣ ቁልፍ ያልተንጠለጠለበት፣ በረኛ የሌለው።
የፌብሩዋሪና የማርች ወተት ከወረቀት በእጅ ይሞላል።
ዙልሚራ በደብተሯ ወጪውን መዘገበች፦
ገመድ፣ አሥራ አንድ ዩሮ።
መብራት፣ የአንድ ሌሊት።
ሊዝበን፣ ባዶ።

ኮምፒውተሩ ለትምህርት ቤቱ ሊመለስ ነው፤ ቅጂው መጥፋት አለበት።
ማሽኑ ጠየቀኝ፦ እርግጠኛ ነህ?
«ቆይ» አለችኝ።
ቆየሁ።
ሁለታችንም ሰዓቱን እያየን፣ እያየን እንዳላየን፣
አሥራ ሁለት ከሩብ እስኪሆን።
ሆነ። የማንም መኪና አልመጣም።
«በል» አለች። ተጫንሁ።

ዲስኩን ግን አልሰጠችኝም።
በጨርቁ መልሳ ጠቀለለችው፤ አይብ ላይ እንደሚጻፈው
ቀኑን በከሰል ጻፈችበት፣ ጃንዋሪ ሠላሳ አንድ፤
ከመደርደሪያው ጥግ አኖረችው፣ ሁሉ ተጭኖ ባዶ ከቀረው።
«ይኼኛው» አለች «አይሸጥም።»