ደረሰኝ

በደሴ ግምጃ ቤት፣ በጠባቧ መስኮት፣
ወረፋው ሲጎተት ከጧት እስከ ስድስት፣
ጸሐፊው እኔ ነኝ። ካርቦን አነጥፋለሁ፣
በሰው ላብ የራሰ ብር እቆጥራለሁ።
የመሬት፣ የአሥራት፣ የትምህርት ቀጥሎ፣
በሃምሳ አንድ ደግሞ የጤናው ታክሎ፣
ቅጹ ቦታ አጣ፤ አራተኛው መስመር
ከኅዳጉ ወጥቶ በእጅ ነው የሚሰመር።
ከአናቱ ላይ ግን፣ በደማቅ ቀይ ቀለም፣
«ደረሰኝ» ይላል፤ ማንን? አልጠየቅሁም።

እንድሪስ ጎበዜ ከደላንታ መጥቶ፣
በሽሎን ተሻግሮ፣ ኩታበርን ወጥቶ፣
«ለጭቃ ሹም ሰጥቼ ሁለቴ ተበላሁ፤
ከዋናው ጉሮሮ ልጨምረው መጣሁ»
ብሎ ይስቅ ነበር፣ ፍንጭት ጥርሱን ገልጦ።
አንድ ዓመት ግን ቆመ፣ ወረቀት ገልብጦ፦
«ይቺ ሽልንግ ምናት?» «የጤናህ ናት» አልኩት።
ከሰርኩላሩ ላይ ቃል በቃል አነበብኩት፦
«ስትታመም መንግሥት ያስታምምሃል።»
«እንደ ቅሬ ነዋ!» አለኝ፤ ደስ ብሎታል፤
«ሁሉም ያዋጣና ለወደቀው ይደርሳል።»
ወረቀቷን አጥፎ
ከክታቡ ጎን ሰፋት።

በስድሳ ሁለት ጥር ዘምዘም ምጥ ጸንቶባት
ስምንት የቅሬ ሰው በቃሬዛ አመጣት።
እንድሪስ ከአንገቱ ስፌቱን በጥሶ፣
አሥራ አንዱን ወረቀት ወለሉን አልብሶ፣
«ይኸው፣ ከፍያለሁ።»
«ይኼ የግብር ነው፤ የካርድ ብር አምጣ።»
እየሮጠ ወደኔ መስኮት መጣ።
አልጮኸም። «አንብብልኝ» ብቻ አለኝ።
የእኔ ጽሕፈት ነው፣ የእኔ ማኅተም፣
ከ«ጤና» ላይ የተንጠባጠበው ቀለም እንኳ የእኔ።
«ደረሰኝ ይላል» አልኩት።
«አንተንማ ደርሶሃል፤ እኔን መቼ ደረሰኝ?»

ካርዱ ወጣ፣ ከኪሴ።
ግን መሽቶ ነበር፤ ጦሳ ጥላውን ጥሎ።
ስምንቱ ሰዎች ቃሬዛውን መልሰው አነሡ።
ካርቦን የማያውቅ፣ ማኅተም የሌለው፣
በዕድሜው አንዲት ደረሰኝ ያልቆረጠ ቅሬ
ሲመጣም ደረሰ፣ ሲመለስም ደረሰ።

ዛሬ ጡረተኛ ነኝ።
ሸዋ በር ቤት አለኝ፣ ሁለት ክፍል አከራያለሁ።
ልጄ መድኃኒት ቤት ከፍቷል፤
የተማረበት ወንበር በእነእንድሪስ ሽልንግ የተገዛ።
ውሃስ ቁልቁል ነው የሚወርደው፤
የዚያ ዘመን ሽልንግ ግን የበሽሎን ዳገት ወጥታ፣
ፒያሳ ሱቅ ገብታ፣
አቡጀዲ ሆነች፣ ስኳር ሆነች፣
የኔ ቤት ቆርቆሮ ሆነች፤
ዝናብ ሲመታት ሌሊቱን ትቆጥራለች።

በየወሩ እሄዳለሁ፤ ያው ሕንፃ፣ ሌላ መስኮት።
ስሜን፣ ብሩን፣ ቀኑን ሞልቼ እፈርማለሁ።
ባለፈው ልጅቷ ወረቀቱን መለሰችልኝ፦
«አባባ፣ ዓመተ ምሕረቱን ተሳስተዋል።»
ጥር ስድሳ ሁለት ብዬ ጽፌ ኖሯል።