«ገ» የሌላት መኪና

በሃያ አምስት ብር ከፍርድ ቤቱ ሐራጅ ገዝቶ፣
በዝናብ ኮቱ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፎ አምጥቶ፣
የጽሕፈት መኪናዋን ጠረጴዛዬ ላይ አኖራትና
«ጥርስ ይጎድላታል» አለኝ፣ አፏን አየና።

እውነትም ጎዶሎ፤
የ«ገ» ክንድ ተሰብሮ ቀርቷል ተንጠልጥሎ።
«ጋሽ አራጋው፣ ያለ "ገ" እንዴት ይመታል የገዳይ ታሪክ?»
ሳቀ። «ባዶ ተይው፤ በቀይ ብዕር እኔ እሞላዋለሁ፣ ልክ በልክ።»

ቀን መዝገብ ቤት ነው፤ የሰው ክስ ያስራል በሲባጎ፣
ማታ ሬሳ ያኖራል ሐረጎ መታጠፊያ፣ ከጉም ሥር ሸሽጎ።
መርማሪው አንካሳ፣ ሃምሳ አለቃ ጦይብ፣
ሽጉጥ የማይታጠቅ፣ ጫማ የሚያነብ፤
ሰኞ ባቲ ወርዶ፣ ግመል ሊገዛ መስሎ ሲከራከር
ዓይኑ ሻጩ ተረከዝ ላይ ነው፤ የሐይቅ ጭቃ የባቲ አፈር
እንዳልሆነ ያውቃል፤ አፈርም እንደ ሰው አለው የትውልድ አገር።
አውጫጭኝ ያስጠራል፤ ከዋርካው ጥላ ሥር መንደሩ ይሞላል፣
ማንንም አይጠይቅ፤ «ወፌ» እስክትመጣ ዝም ብሎ ያያል።

ሃምሳ ቅጂ ሆኖ በብዜት ሲወጣ፣
በአሥር ሳንቲም ኪራይ ሸዋ በር ሲመጣ፣
የሙጋድ ልብስ ሰፊ፣ የቧንቧ ውሃ ተማሪ፣ የጢጣ ሹፌር
ተቀባብለውት ሲመለስ፣ ገጹ ናፍጣ ናፍጣ ይላል፤ ጠርዙ ላይ በእርሳስ፦
«ጦይቤ፣ ተሳስተሃል፤ —ዳዩ ወንድሙ ነበር።»
አራጋው አልተቆጣም። እያንዳንዷን ጠርዝ ደብተሩ ላይ ጻፈ፣
«በሚቀጥለው ወንድሙን እሰቅለዋለሁ» አለና አለፈ።

ከአዲስ አበባ አንድ አሳታሚ «ጥሩ ነው» ብሎ ጻፈ፤ «ደሴን ግን ፋቀው፣ እዚህ አድርገው፣ ይሸጣል ፈጥኖ።»
መልሱን እኔው መታሁ፣ አንድ መስመር ነው፦ «ጌታዬ፣ ጦሳን ማን ያመጣዋል ታክሲ ላይ ጭኖ?»

ከዚያ ያ ዓመት መጣ።
ማለዳ፣ ከሆጤ ሜዳ ዳር
አንድ ልጅ ተኝቷል። ደረቱ ላይ ካርቶን፤ ካርቶኑ ላይ የገዳዩ ስም ከነማኅተሙ ነበር።
ኪሱ ውስጥ የእኛ መጽሐፍ፣ ገጽ አርባ ላይ ታጥፎ።
አራጋው ባርኔጣውን አወለቀ። ቤቱ ገባ ቀልቡ ተገፎ።

«ገዳይ ከፈረመ» አለኝ፣ «ማኅተም ካሳረፈ፣ ሥራውን ከቆጠረው ኩራት፣
ለጦይብ ምን ቀረው? እንቆቅልሽ የለ፣ ምን አውቅልሽ የለ፤
የቀረው "አገር ስጠኝ" ነው፣ እሷንም ሰጠናት።»

አሥራ አራት ዓመት መዝገብ ብቻ አሰረ።
እኔ ማመልከቻ መታሁ፦ «ልጄ የት እንደ—ባ...» በየመስመሩ ክፍተት ነበረ።
ማንም አልሞላውም።

ጡረታ ሲወጣ የግድግዳ ሰዓት ሰጡት፣ ላዩ ላይ «ለአቶ አረጋ» ተብሎ፤
«ተመልከች፣ ይኸም ወንጀል ነው» አለኝ፤ «ጦይብ ቢኖር ይይዘው ነበር ተከታትሎ።»

ባለፈው ነሐሴ ሞተ። እህቱ ዘምዘም በፌስታል ጠቅልላ
ስልሳ ሁለት ገጽ ሰጠችኝ፤ «ላንቺ ነው ያለው፣ የመጨረሻው» ብላ።

መታሁት በሦስት ሌሊት። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ጣቴ አስታወሰኝ፦
አንድም ክፍተት የለም። ከዳር እስከ ዳር ፈለግሁ፤ «ገ» የሚባል አልታየኝ።
ገበያ የለበት፣ ገንዘብ የለበት፣ ገደል የለ፣ ገላ የለ፤
አንድ ሰው ኩታበር ላይ በጉም ይጠፋል፤ ጦይብ በምርኩዙ ሲፈልገው ዋለ፤
ማታ ላይ ደረሰበት። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል፣
«ጠፋ ተብለሃል» ሲለው፣ «ኧረ እኔስ እዚሁ ነኝ፤ ጉሙ ነው የጠፋው» ይላል።
ታሪኩ ይኸው ነው።

ለጣቴ አዝኖ ይሁን፣ ያችን ቃል ተጸይፎ፣ አላውቅም፤
ስንት ሌሊት እንደፈጀበት ግን፣ መኪና መቺ ነኝ፣ አይጠፋኝም።

እርሳስ አንሥቼ፣ እንደ ጥንቱ ተከራይ፣ ጠርዙ ላይ ጻፍሁበት፦
«ጦይቤ፣ ተሳስተሃል። ለሆጤው ልጅ ማንም አልደረሰለት።»

ከዚያ ላጲስ ፈለግሁ።
አጥፍቼው ሳበቃ ጭረቱ አልለቀቀም፤ ወደ መስኮቱ አዘንብዬ ሳየው
አሁንም ይነበባል። ለፎቶ ኮፒው ልጅ ምን ብዬ ልስጠው?