አሥራ ሁለተኛዋ ታንኳ

ቅዳሜ ማታ ነው፤ ሽምብጥ፣ ቤታችን ውስጥ፣
ትርንጎ ካርቱን ታያለች፣ እኔ ሒሳብ ሳገላብጥ፤
የጀልባ ማኅበሩ መዝገብ፣ ማኅተሙ ከጎኔ፤
«አባ፣ ተወው» አለች፣ «ና፣ ቁጭ በል ከእኔ።»

ዝይ ናት ዋናዋ። ባለ ቀይ ሻርፕ ዝይ፣
መንጋ የምትመራ፣ ወደ ኋላ የማታይ፤
ጉም ሲወርድ ግን ፊቱን ለሌላ ለቀቀች፣
ወደ ጭራው በርራ «ስንት ቀረን?» ብላ ጠየቀች።
አንዷ የለችም። ትንሿ። ክንፏ ገና ያልጠና።

ሳቅሁ፤ «ዝይ ደግሞ ስለ ሹመት ምን ያውቃል?» ብዬ፤
ከሰዓት ግን ከዘጌ ስመለስ፣ ማዕበል ሲነሳ፣
ቀድሜ ገባሁ፣ አያ ምንይችልን ከነእንጨት ጭነቱ ጥዬ።
«ይደርሳል» አልሁ፤ «ይደርሳል» ማለት ይቀላል ለባለ ሞተር፤
እሱ ምን አለው፣ ከደንገልና ከአንድ ቀርከሃ በቀር?

መብራት ሄደ። ዝይዋ ጉሙ ውስጥ እንዳለች ጠፋች።
«ትንሿን አገኘቻት?» ትርንጎ እጄን ጨበጠች።

መልስ አልነበረኝም። ማኅተሙን መሳቢያ ከተትሁ፣
ባትሪዬን አንስቼ ወደ ሐይቁ ወጣሁ።
ታንኳዎቹ ሊደርቁ ቆመዋል ዳርቻው ላይ፤ ቆጠርኋቸው፤
አሥራ አንድ። እንደገና። አሥራ አንድ ናቸው።

«አያ ምንይችል!» እያልሁ፣ ብርሃኔን ውሃው ላይ ዘረጋሁ፤
ከጨለማው ማዶ፣ ሳል ይሁን ማዕበል፣
አንድ ነገር ሰማሁ።